ዕጣና ዋስ፤ ስለ ዕድልና ስለ ሰው ፈቃድ በመርካቶ የሚባለውና የሚደረገው

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ መካከል፣ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ተቀራርበው ቆመዋል። በአንዱ ሲቀደስ በሌላው አዛን ይሰማል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ደላላው ዋጋ ይጠራል፣ ኩሊው ጭነቱን ተሸክሞ መንገድ ልቀቁ እያለ ያልፋል። በሁለቱም ቤት የሚሰግደው ሕዝብ ፈጣሪ ቸርም ሁሉን ቻይም መሆኑን ያምናል። ታዲያ ክፉ ነገር ከወዴት መጣ? ሰውስ የሚያደርገውን የሚያደርገው በገዛ ፈቃዱ ነው ወይስ እንደ ተጻፈለት?

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ለዚህ አሮጌ ጥያቄ አዲስ መልስ መስጠት አይደለም፤ ያን ያህል ድፍረትም የለንም። የምንፈልገው ጥያቄው በአንድ ሥፍራ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚመለስ፣ መልሱም በመጻሕፍትና በታሪክ ምን ዐይነት ሥር እንዳለው መመርመር ነው። መርካቶን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። ገበያ ዕድልና ስሌት በየቀኑ የሚገናኙበት ሥፍራ ነው፤ ከዚህም በላይ ይህ ገበያ ራሱ ከክፉ ሥራ የተወለደ ነው። ይህነን ወደ ኋላ እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንመልከት። ነጋዴው ጧት ሱቁን ሲከፍት የመጀመሪያው ገዢ «ገደኛ» መሆን አለመሆኑን ያያል። ገበያው የደራለት እንደ ሆነ «ዛሬ ቀንቶኛል» ይላል። ሲከስር ክርስቲያኑ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው»፣ ሙስሊሙ «የአላህ ቀደር ነው» ይላሉ። የአርባ ቀን ዕድል የሚለው አነጋገር ወንድ ልጅ በተወለደ በአርባ ቀኑ ክርስትና ከመነሣቱ ጋራ ሳይያያዝ አይቀርም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ዳሩ ግን «የሰማንያ ቀን ዕድሌ ነው» የምትል ሴት እስከ ዛሬ አልሰማንም። ሴቲቱም የምታማርረው በወንድሟ ቀን ነው።

ከእነዚህ አነጋገሮች የሚበዙት ስላለፈ ነገር የሚነገሩ መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ዕቃው ከጠፋ፣ መኪናው ከተገለበጠ፣ ዋጋው ከወደቀ በኋላ ዕድል ይነሣል። ስለሚመጣው ነገር ግን ነጋዴው በሌላ ቋንቋ ይናገራል። ለማያውቀው ሰው ዱቤ ሲሰጥ «ዕድሌ ከሆነ ይከፍለኛል» የሚል የለም፤ «ዋስ ጥራ» ይላል። ደግሞም የራሱን ኪሳራ በዕድል የሚያመካኘው ሰው፣ ባለዕዳው በዚያው ምክንያት ቢመልስለት አይቀበለውም። የእኔ ጉዳት የፈጣሪ ሥራ ነው፣ የአንተ አለመክፈል ግን የአንተ ሥራ ነው እንደ ማለት ነው። ይህ የሐሳብ መጋጨት ይመስላል። የሃይማኖት መጻሕፍቱን ስንመለከት ግን እነሱም ከዚህ እምብዛም የራቁ ሆነው አላገኘናቸውም።

በሀገራችን ሊቃውንት ዘንድ የክፋት ታሪክ የሚጀምረው ከአዳም ሳይሆን ከመላእክት ነው። በሥነ ፍጥረት ትምህርት እንደሚተረከው፣ እግዚአብሔር መላእክትን ከፈጠረ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ተሰወረባቸው። እነሱም ማን እንደ ፈጠራቸው ይጠያየቁ ጀመር። ሳጥናኤል ከሁሉ ከፍ ብሎ ይታይ ነበርና ፈጣሪያቸው እርሱ መሆኑን ነገራቸው። ያመኑት አሉ፤ የተጠራጠሩም አሉ። ገብርኤል ግን አምላካቸውን እስኪያውቁ ድረስ በያሉበት ጸንተው እንዲቆዩ መክሮ አረጋጋቸው።

በዚህ ትረካ ትልቁ ነገር የሳጥናኤል ሐሰት አይመስለንም፤ የእግዚአብሔር መሰወር ነው። ፈጣሪ በፊታቸው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሳጥናኤል ሊዋሽ፣ ገብርኤልም ሊጸና ባልቻለ ነበር። ይህን ለመርካቶ ልጅ ማስረዳት አያስቸግርም። የሱቅ ሠራተኛ ታማኝ መሆኑ የሚታወቀው ባለቤቱ ወጣ ሲል ነው፤ ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ሳንቲም አለመንካቱ ምንም አያስመሰግነውም። እንግዲህ ክፋት የገባበት በር ፈቃድ የገባበት በር ነው ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህ መልስ የሚነግረን ስለ ክፉ አድራጊው ብቻ ነው። ከባለቤቱ መውጣት የተነሣ የተሰረቀው ገንዘብ የሌላ ሰው አደራ የነበረ እንደ ሆነስ? በትረካው ውስጥ ይህን የሚጠይቅ መልአክ የለም።

ሁለተኛው ምንጭ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ይህ መጽሐፍ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ እስኪገባ ድረስ የዚያ አገር ሊቃውንት አያውቁትም ነበር። ሄኖክ በመጀመሪያው ክፍል ክፋትን ከውጭ ያመጣዋል፤ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ከሰማይ ወርደው የሰውን ሴቶች ልጆች አገቡ፣ የጦር መሣሪያ መሥራትንና አስማትን አስተማሩ ይላል። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ኀጢአት ወደ ምድር የተላከ ነገር አለመሆኑን፣ ሰው ራሱ ከራሱ ያወጣው መሆኑን ያስተምራል። ተመራማሪዎች የመጽሐፉ ክፍሎች በልዩ ልዩ ዘመን የተጻፉ ናቸው ስለሚሉ ልዩነቱ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም መልስ በአንድ ጥራዝ ይዛ መኖሯ ነው። ራጉኤልም በስሙና በሥራው የሚታወቀው ከዚሁ መጽሐፍ ነው፤ ከቅዱሳን መላእክት አንዱ ሆኖ ዓለምንና ብርሃናትን የሚበቀል ይባላል። በመስከረም 1 ቀን የሚከበረው፣ በመርካቶም ቤተ ክርስቲያን የታነጸለት እንግዲህ ይህ የፍርድ መልአክ ነው። በሚዛንና በሜትር በሚኖር ሠፈር ውስጥ ሥፍራው ያለ ነገር አይመስለንም፤ ነገር ግን ይህ የእኛ አስተያየት እንጂ የታሪክ ማስረጃ አይደለም።

መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ነገሩን እንደ ገበያ ስምምነት ያቀርበዋል። ከጥፋት ውሃ በኋላ ክፉዎች መናፍስት የኖኅን የልጅ ልጆች ስላሳቱ ኖኅ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም እንዲታሰሩ አዘዘ። የመናፍስቱ አለቃ መስቴማ ግን አንዳንዶቹ እንዲቀሩለት ለመነና ዐሥረኛው እጅ ተተወለት። በዚያው ጊዜ መላእክት ለኖኅ የመድኀኒትን ዐይነት አስተማሩት፤ እርሱም በመጽሐፍ ጻፈው። ክፉው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ሰውም ባዶ እጁን አልቀረም።

በእስልምና በኩል ክርክሩ የተጀመረው ገና በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ነው። ሙዕተዚላ የተባሉት ወገኖች ፈጣሪ ፍትሐዊ ከሆነ ሰው የሥራው ባለቤት ራሱ መሆን አለበት አሉ። እ.ኤ.አ. በ936 ገደማ የሞተው አቡል ሐሰን አል-አሽዐሪ ግን መካከለኛ መንገድ ፈለገ፤ ሥራን ሁሉ የሚፈጥር አላህ ነው፣ ሰው ደግሞ ሥራውን «ያተርፈዋል» አለ። የተጠቀመበት የዐረብኛ ቃል «ከስብ» ሲሆን፣ ትርጓሜው ሠርቶ ወይም ነግዶ ማግኘት ማለት ነው። ከነገረ መለኮት ቃላት ሁሉ ለነጋዴ ቅርብ የሆነ ቃል ይኸው ነው። ዕቃውን የፈጠረ ነጋዴው አይደለም፤ ትርፉና ዕዳው ግን በስሙ ይመዘገባል። ስለ ኸሊፋ ዑመር በሚነገረው ታሪክ፣ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር ላለመግባት ወደ ኋላ በተመለሰ ጊዜ፣ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን? ተብሎ ተጠየቀ፤ የመለሰውም ከአንዱ ውሳኔው ወደ ሌላው ውሳኔው እንደሚሸሽ ነበር። እንግዲህ ቀደርን ማመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥን አያዝም።

እዚህ ላይ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብን እንድናነሣ የሚጠብቅ አንባቢ አይጠፋም። በእርግጥም መጽሐፉ ሰው ነጻ ሆኖ መፈጠሩን፣ ሐሰትም ከዚሁ ነጻነት መምጣቱን ይመረምራል። ይሁን እንጂ የ17ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው የሚሉትና፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ሚሲዮናዊ በ19ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ነው የሚሉት ከኮንቲ ሮሲኒ የ1920 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ጀምሮ እስከ ዛሬ ስላልተስማሙ፣ ክርክራችንን በእርሱ ላይ ልንመሠርት አልወደድንም። ደግሞስ ሄኖክና ኩፋሌ እያሉ በምን እንቸገራለን?

አሁን ወደ ገበያው ታሪክ እንምጣ። ከጣልያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዪቱን ከያዘ በኋላ፣ ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ አርክቴክቶች ባወጡት ፕላን ነጩና ጥቁሩ ተለያይተው እንዲኖሩ ታሰበ። አራዳ ለነጮች እንዲሆን፣ ኢትዮጵያውያኑ ወደ ምዕራብ ተገፍተው በዚያ እንዲገበያዩ ተደረገ። አዲሱም ሥፍራ «ሜርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለት የአገሬው ተወላጆች ገበያ ተባለ። ሰዎቹ ሲሄዱ የንቀቱ ቃል ወድቆ «መርካቶ» ብቻ ቀረ።

ይህ ፕላን በሚዘጋጅበት ዘመን ነው የካቲት 12 የደረሰው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው የገነተ ልዑል ግቢ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ከዚያም ለሦስት ቀን የከተማው ሕዝብ ተጨፈጨፈ፣ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲል፣ በቅርብ ዘመን ያጠናው ኢየን ካምቤል ወደ 19,000 ገምቶታል። በግንቦት ወርም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምእመናን ተረሸኑ።

ለጉዳያችን ይልቁን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። መጋቢት 10 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም በከተማውና በአካባቢው ያሉ ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና በየመንገዱ የሚያወሩ ሁሉ ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙን፣ እስከዚያም ቀን 70 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ጥፋታቸው የጣልያን አገዛዝ በቅርቡ እንደሚወድቅ መናገራቸው ነበር። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ያለው መንግሥት የጠንቋይን ቃል ለምን ፈራ? ሕዝቡ ነገሩ ተቈርጧል ብሎ ያመነ እንደ ሆነ ለመዋጋት እንደሚነሣ ስላወቀ ነው። ስለዚህ ከላይ ዕድል ስላለፈ ነገር ብቻ የሚነገር እንዲመስል አድርገን ያቀረብነውን ማረም ይገባናል። የዕድል ቃል ለተጨቈነ ሰው የፈቃድ ስንቅ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ከዕልቂት በኋላ ግን ያው ቃል ሌላ መልክ ይይዛል። በታሪካችን መቅሠፍት ሲደርስ ስለ ኀጢአታችን የመጣ ቁጣ ነው ማለት የተለመደ ነው፤ በግራኝ ዘመን ጦርነትም ሆነ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን እንዲህ ተብሏል። በ1929 ዓ.ም. ስለ ሆነውም በዚሁ መንገድ የሚናገሩ ሰዎች አይታጡም። የዚህ አስተሳሰብ መልካም ጎን ሰውን ራሱን እንዲመረምር ማድረጉ ነው። ጉዳቱ ግን ይበልጣል ብለን እንፈርዳለን። የየካቲት ገዳይ የእግዚአብሔር አለንጋ ከሆነ አለንጋ አይከሰስምና። የተገደለውም ሕፃን ከመሞቱ በላይ ጥፋተኛ ተብሎ ይቈጠራል፤ የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ በመጽሐፉም መጨረሻ የተወቀሱት እነሱ ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዋል። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ቸርነቱ ነው። እኛ ግን በውስጡ ያለውን ፍርድ ማሳየት እንወዳለን። ምሕረት የሚደረገው ለአድራጊ ነው። ለመብረቅና ለጐርፍ ይቅር የሚል የለም። ስለዚህ ይቅርታው ራሱ ግፉ በሰው ፈቃድ የተሠራ መሆኑን ይመሰክራል። ግራዚያኒ ኋላ በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋራ ስለ ተባበረ ነው፤ በኢትዮጵያ ስላደረገው አልተጠየቀም፣ ከእስሩም በጥቂት ወር ተፈታ። በአንጻሩ ከመርካቶ ወደ አራዳ በሚወስደው መንገድ ሐውልታቸው የቆመው አቡነ ጴጥሮስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከመረሸናቸው በፊት ለጠላት እንዲገዙ ተጠይቀው እንቢ ብለዋል። ሞታቸው ዕድላቸው ነበር ማለት እንቢታውን መዝረፍ ነው።

እንዲሁም መርካቶን የሚያደንቁ አንዳንድ ሰዎች፣ እንደ ዮሴፍ ታሪክ፣ ጠላት ለክፋት ያሰበውን እግዚአብሔር ለበጎ ለወጠው ይላሉ። አነጋገሩ ደስ ይላል፤ እምነቱንም አንነቅፍም። ሆኖም ሒሳቡ ሲታይ ለውጡን የከፈሉት ሰዎች ይታወቃሉ። ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ በሊስትሮነትና በኩሊነት የጀመረው፣ በበርበሬ በረንዳ ተቀምጣ የቸረቸረችው፣ በምን አለሽ ተራ የተጣለውን ቆርቆሮና በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ ያደረገው ናቸው። ለመለያየት የተከለለው ሥፍራ የሁሉ መገናኛ የሆነው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

እነሱም ሥራቸውን ያቆሙት በአብዛኛው በእቁብ ስለ ሆነ፣ በዚህ ላይ ትንሽ መቈየት ይገባል። በእቁብ ሁሉም እኩል ያዋጣል፤ ገንዘቡን በቅድሚያ የሚወስደው በዕጣ ይለያል። ዕጣ ሲወጣ ማንም አይከራከርም፤ ፈጣሪ የሰጠው ነውና። ይህ የዕድል ክፍል ነው። ነገር ግን ወዲያው ሌላ ነገር ይከተላል። ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ዋስ ከጠራ በኋላ ነው፤ ዕጣው ከሰማይ ቢመጣም ዋሱ ከሠፈር ይመጣል። ደግሞም ለሠርግ ወይም ለዕቃ ማውጫ አስቸኳይ ገንዘብ የፈለገ ሰው ከደረሰው ሰው ላይ ዕጣውን መግዛት ይችላል። ዕድል እንግዲህ ይከበራል፣ በስምምነት ግን ይዛወራል። እያንዳንዱም ተራው ሲደርስ ስለሚወስድ፣ ዕጣ የሚወስነው ጊዜውን ብቻ ነው። እንደ ሎተሪ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው አይነሣም። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ዕድል በመርካቶ በወረቀት ይሸጣል፤ ይሁን እንጂ ሎተሪ ለመግዛት ዋስ የተጠየቀ ሰው የለም፣ ከባለ ሎተሪዎችም መካከል ማንም ለማንም ምንም አይጠየቅም። በዚህ ሁለት ነገር መካከል ያለው ልዩነት አል-አሽዐሪ «ከስብ» ባለው ነገር ላይ የሚገኝ ይመስለናል። እቁብተኛው የመጣለትን በስሙ ያስመዘግባል።

የዚህ አስተሳሰብ ከባድ ፈተና እሳት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው እሳት አያሌ ሱቆችን አጥፍቷል፤ የመንገዱ መጣበብና የሥፍራው መጨናነቅም እሳቱን ለማጥፋት አስቸጋሪ ማድረጉ በወቅቱ ተነግሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ «እግዜር ያመጣውን ምን ይደረጋል»፣ «አላህ የተሻለውን ይተካል» ማለት ሰውን ከተስፋ መቍረጥ የሚያድን ቃል ነው፤ ያለውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ላጣ ሰው ሌላ ነገር መናገርም ጭካኔ ይሆናል። በቀድሞው የጉራጌ እምነት የመብረቅ ጌታ የሚባለው ቦዣ ሌባንና ቤት አቃጣይን ይቀጣል ተብሎ ይታመን ነበር፤ በዚያ እምነት እሳት ያለ በደለኛ አይታሰብም። የዛሬው ነጋዴ ይህን ትቷል፣ ደግም አድርጓል። የተቃጠለበት ሰው የተቈጣው አምላክ ጥፋተኛ አይደለምና።

በአጽናኝ ቃልና በምርመራ ቃል መካከል ያለውን ልዩነት ግን ሕጋችን ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1792 ስለ ከዐቅም በላይ ኀይል ሲደነግግ፣ ባለዕዳው በተለምዶ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚከለክለው ነገር ሲደርስ ብቻ ነጻ ያደርገዋል፤ ነገሩ ሊታሰብ የሚችል የነበረ እንደ ሆነ፣ ወይም ግዴታውን የሚያከብደው ብቻ እንደ ሆነ፣ ነጻ አያደርገውም። ከሸማ ተራ እሳት በፊት እቁብ ደርሶት፣ በገንዘቡ ጨርቅ ገዝቶ፣ ጨርቁ የተቃጠለበት ሰው ጉዳይ ከዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚጠየቀው እንግዲህ ይህ ነው፤ በዚህ ሠፈር እሳት ሊነሣ እንደሚችል ማንም አላሰበምን? የመብራቱ ሽቦ እንዴት ተዘርግቶ ነበር? በመተላለፊያው ላይ ጭነቱን የደረደረው ማን ነው? እንዲደረደር ዝም ያለውስ? ዋሱስ የት ነው?